የላላው ቀለህ

የሴት አያቴ የኩል ዕቃ የውጅግራ ቀለህ ነበረ። ደቅ ደሴት ላይ፣ ከናርጋ ሥላሴ ብዙም በማይርቀው ቤታቸው ውስጥ፣ ከምሰሶው ላይ በጠፍር ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። አፉን የእንጨት ውታፍ ዘግቶታል፤ መቀመጫው ደግሞ በጥቁር ሰም ተደፍኗል። ልጅ ሳለሁ ሰሙን በጥፍሬ ስፍቅ አግኝተውኝ ተቆጡ። ለምን እንደተደፈነ ጠየቅኋቸው። «ታቹ ላልቶ ነዋ! ባይላላማ ኖሮ መች ለእኔ ይደርስ ነበር?» አሉኝ። ይህችን መልስ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ይህን የምታነቡ ወዳጆቼ ከጠመንጃ ይልቅ ከመጽሐፍ ጋር የተወዳጃችሁ መሆናችሁን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ የናስ ቀለህ፣ ባሩድ፣ አረርና ካፕሱል። ካፕሱል ማለት ከቀለሁ መቀመጫ መካከል በተበጀች ጠባብ ማደሪያ ውስጥ የሚሰካ፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ የብረት ቆብ ነው። ምላጩ ሲሳብ መርፌው እርሱን ይመታዋል፤ እርሱ እሳት ይተፋል፤ እሳቱ ባሩዱን፣ ባሩዱ አረሩን ያስነሣል። ከአራቱ ሦስቱ በአንድ ተኩስ ያበቃሉ። ቀለሁ ግን ይቀራል፤ ስለሚቀርም እንደገና ሊሞላ ይችላል።

ከጣና በስተምሥራቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አሠርተዋል። ያንን የሚያህል መድፍ የቀለጠበት አገር ግን ያችን የምስር ፍሬ የምታህል ቆብ መሥራት አልቻለም ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ እሮጌ ላይ የሆነውን እናውቃለን። የእንግሊዝ ወታደር የያዘው ከኋላ የሚጎርሰውን ሰናድር ሲሆን፣ ጥይቱም ካፕሱሉን በመቀመጫው ላይ የተሸከመ ነበር። የንጉሡ ሠራዊት በአብዛኛው በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃና ጦር ይዞ ወረደ። ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው ሲወድቅ፣ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። በዚያ ሜዳ ላይ የተበተነው ባዶ ቀለህ ወደፊት ምን እንደሚጠብቀን የሚናገር ደብዳቤ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት አገሩን ያጥለቀለቀው የፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ነው፤ የኛ ሰው አፍ አለዝቦ «ውጅግራ» አለው። በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ አንድ በአንድ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ጥይቱ 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድና 25 ግራም እርሳስ ይሸከማል። ጥቁር ባሩድ ደግሞ ለኛ ባለሙያ እንግዳ አልነበረም፤ ከድኝ፣ ከከሰልና ከአፈር ተነጥሮ ከሚወጣ ጨው በአገር ቤት ይወቀጥ ነበር። እርሳስም በምድጃ ይቀልጣል። ካፕሱሉ ብቻ ከባሕር ማዶ ይጠበቃል። የዚህች የእሳት ቆብ መነሻ የሆነውን ፈጠራ በ1807 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ፎርሳይዝ የተባለ የስኮትላንድ ቄስ ነበር፤ በውስጧ የሚገባው ፈንጂ ግን በማጀት የሚጠመቅ ነገር አይደለም።

ሥነ ጽሑፍ ወዳዶች በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የምታውቁትን ሰው ታገኛላችሁ። ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1887 እ.ኤ.አ. ሁለት ሺህ ያህል አሮጌ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ፣ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ለነበሩት ምኒልክ ሊሸጥ መጥቶ ነበር። ንግዱ ብዙም አልቀናውም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ለፈረንሳይ የባሕርና የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ደብዳቤ ጻፈ፤ የጠመንጃና የጥይት መሥሪያ መኪናዎች በፈረንሳይ ይዞታ በነበረው ጠረፍ በኩል ወደ ሸዋ እንዲገቡ ፈቃድ የሚጠይቅ ነበር። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ቀረ። ግጥም መጻፍ ከተወ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ያ ሰው፣ ንጉሡ ከሁሉ አብልጦ የሚያስፈልጋቸው ጠመንጃው ሳይሆን ጥይቱን መሥራት መሆኑን የተረዳ ይመስለኛል።

ጥይት ብርቅ ስለነበረ ገንዘብም ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በገበያችን ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ጥይት ይመነዘር ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ጥይት ገንዘብ ሲሆን፣ ላልቶ እንደገና የተሞላ ቀለህ ሐሰተኛ ገንዘብ ነው ማለት ነው። ሐሰቱ የሚታወቀው ግን በገበያ ሳይሆን በጦር ሜዳ ነው።

የሚላላውስ ለምንድን ነው? በእያንዳንዱ ተኩስ የባሩዱ ግፊት የናሱን መቀመጫ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ናስ በመጠኑ ይመለሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይመለስም። አሮጌው ካፕሱል በሹል ብረት ሲነቀልም የማደሪያዋ ከንፈር ይጫራል። እንዲህ እንዲህ እያለች ማደሪያዋ ትሰፋለች። ዓይን አያየውም፤ ቀለሁ እንደ ወትሮው ያብለጨልጫል። ወንድ አያቴ፣ በአርበኝነቱ ዘመን ጎረምሳ የነበሩት፣ የሚለዩት በአውራ ጣታቸው ነበር። «አዲሱ ካፕሱል እንቢ እያለ ከገባ ቀለሁ ሰው ነው፤ ሳይከራከር ከገባ ጣለው» ይሉ ነበር። ከገባም በኋላ ቀለሁን ዘቅዝቀው መዳፋቸው ላይ ያንኳኩታል፤ ካፕሱሉ ቢነቃነቅ ያ ቀለህ ከዝናር ወጣ። በካፕሱሉ ዙሪያ ጥላሸት ያለበትም እንዲሁ፤ እሳቱ ወደኋላ ሾልኮ እንደነበር ጥላሸቱ ይመሰክራልና። ሰም ቢቀቡትስ ብዬ ነበር። «ሰም ውሃ ይከለክላል እንጂ እሳት አይከለክልም» አሉኝ። ቀኝ ዓይናቸው ጭጋግ የለበሰ ነበር። እንዴት እንደሆነ ሳይነግሩኝ አለፉ፤ እኔም አልጠየቅሁም። የላላ ካፕሱል እሳቱን ወደ ተኳሹ ፊት እንደሚመልስ ያነበብኩት እርሳቸው ካረፉ በኋላ ነው።

ወረራው ባንዣበበበት በ1927 ዓ.ም. ብሪታንያና ፈረንሳይ ለኢጣልያም ለኢትዮጵያም መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። በወረቀት ሲታይ ፍርዱ እኩል ነው። ኢጣልያ ግን ጥይቷን የምትሠራው በራሷ ፋብሪካ ነበር፤ የተከለከልነው እኛ ብቻ ነን። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት አርበኛው የሚተኩሰው ከጠላት የማረከውንና ከመሬት የለቀመውን ሆነ። በዚያ ዘመን አንድን ቀለህ «አይሆንም» ብሎ መጣል ቀላል ፍርድ አልነበረም። ካልጣሉት ዓይን ይወስዳል፤ ከጣሉት አንድ ጥይት ይጎድላል።

የአያቴ መልስ የገባኝ ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ነው። አጥብቆ የሚይዘው ቀለህ ተሞልቶ ወጣ፤ ደግሞ ተሞልቶ ወጣ፤ በመጨረሻም በአንዱ ገደል ቀረ። በየቤታችን ምሰሶ ላይ የቀረው ፈተናውን የወደቀው ነው። እኛም ታሪካችንን ስንጽፍ በእጃችን የምንይዘው አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ የተረፈውን ነው፤ የሠራው ሥራውን ሲሠራ አልቋልና። የተረፈውን ስናከብር ያለቀውን ባንረሳ እወዳለሁ።

ያ ቀለህ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ። ኩሉ ደርቋል። አንድ ቀን ሰሙን አንሥቼ ማደሪያዋን በአውራ ጣቴ ዳሰስኳት፤ ለእኔ ጣት ደህና ትመስላለች። ሰሙን መልሼ ደፈንኩት።