ሰው ተኩላ ሲሆን ያመዋል?

ቪዲዮ ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ጠባብ ክፍል ነበር። 1985 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሃምሳ ሳንቲም የከፈለ ሁሉ አግዳሚው ላይ ይጠጋጋል። የፊልሙ ርዕስ ለማንም አይነገርም፤ በሩ ላይ በተሰቀለችው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ “የሕንድ”፣ “የካራቴ” ወይም “የሚያስፈራ” ተብሎ ይጻፋል፣ አለቀ። ያን ቀን የተጻፈው “የሚያስፈራ” ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው የሰፈር ጓደኛዬ ነው። አባቱ ከቤታቸው ጓሮ ወናፍና መስፍ ዘርግተው ቢላዋና መጥረቢያ የሚቀጠቅጡ ሰው ነበሩ።

ፊልሙ እየሄደ ሄደና አንድ ወጣት አሜሪካዊ ለንደን ውስጥ፣ በአንዲት ነርስ ቤት ብቻውን ተቀምጦ ሲያነብ ድንገት ዘሎ ተነሣ። ተቃጠልኩ እያለ ልብሱን ከላዩ ገፈፈ። ከዚያ እጁን አየ። መዳፉ በገዛ ዓይኑ ፊት እየተሳበ፣ እየረዘመ ሄደ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያን ያህል ጸጥታ በዚያ ቤት ሰምቼ አላውቅም። ወዲያው ከኋላ አንዱ “ቡዳ!” ብሎ ጮኸ፤ ሳቅ ፈነዳ። ሌላው ደግሞ ወደ ጓደኛዬ እየጠቆመ “አባቱን ጠይቁልን፣ እሳቸው ያውቁታል!” አለ። ሳቁ እጥፍ ሆነ። እኔም ሳቅሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጓደኛዬ ብዙ መንገድ ዝም ካለ በኋላ “ሰውየውን እኮ አሞታል፤ አላያችሁም?” አለኝ።

ፊልሙ “አን አሜሪካን ወርዉልፍ ኢን ለንደን” እንደሚባል ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከዚያም ወዲህ ሰው ወደ ተኩላ የሚለወጥባቸውን ፊልሞች እያደንሁ ማየት ልማድ ሆነብኝ። ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት በሙጫ፣ በፀጉርና በጎማ፣ በሰው እጅ የተሠሩትን ማለቴ ነው። ጓደኛዬ የጠየቀኝን ጥያቄ ግን ለእያንዳንዳቸው ሳልጠይቅ አላልፍም። (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ፊልሙ ከመግባቴ በፊት ግን በእኛው አገር የተጻፈ አንድ አሮጌ ወሬ ላስቀድም። ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በትግራይ ለዓመታት ኖሮ፣ ያየውንና የሰማውን ጽፎ ትቷል። ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ የባልንጀራው የኮፊን ገጠመኝ ነው። የኮፊን አሽከር አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መጥቶ እስከ ማግስቱ እንዲያሰናብተው ይለምነዋል። ይፈቀድለታል። ገና ዘወር ከማለቱ ሌሎቹ አሽከሮች “እዩት፣ እዩት፣ ጅብ እየሆነ ነው!” ብለው ይጮኻሉ። ኮፊን ቀና ብሎ ሲያይ ልጁ የለም፤ ዛፍም ቁጥቋጦም በሌለበት ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ ጅብ ይሮጣል። በማግስቱ ልጁ ተመልሶ መጣ፤ ጓደኞቹ ሲቀልዱበትም አልካደም ይላል ጸሐፊው። ፒርስ ጆሯቸው ላይ ጉትቻ የተገኘባቸው ጅቦችን ነገርም ያነሣል፤ ይህን ወሬ ከእኛ አያቶች ያልሰማ ያለ አይመስለኝም።

አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለውጡን ያየው ሰው የለም። ኮፊን ዞር ሲል ነገሩ አልቋል። ልጁ ምን እንደ ተሰማው የጠየቀውም የለም። የቡዳ ወሬ ሁልጊዜ የሚነገረው በተመልካቹ አፍ ነው። ተብዬው ዝም ይላል፤ ወይም እንደዚያ አሽከር፣ ሲሳቅበት አብሮ ይስቃል። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ቤተ እስራኤሉ በዚህ ወሬ ምክንያት ስንት ዘመን ከጋብቻና ከማዕድ ተገልለው እንደ ኖሩ የታወቀ ነው።

ሆሊዉድም የጀመረው ዞር በማለት ነው። “ወርዉልፍ ኦፍ ለንደን” በ1935 ሲሠራ የሜካፑ ኃላፊ ጃክ ፒርስ ነበር። (ከላይኛው ፒርስ ጋር የስም መመሳሰል እንጂ ዝምድና የላቸውም።) ተዋናዩ ሄንሪ ሃል በረድፍ ከቆሙ ዓምዶች ጀርባ ይራመዳል። ከአንዱ ዓምድ ጀርባ ገብቶ ሲወጣ ፊቱ ጠቆር ብሏል፤ ከሚቀጥለው ሲወጣ ፀጉር አብቅሏል፤ ከዚያኛው ሲወጣ ጥርሱ ገጥጧል። ዓምዱ የኮፊንን ዞር ማለት ተካው ማለት ነው። ዘዴው ቀላል ቢሆንም እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ሃል በፀጉር አልተሸፈነም፤ የዕፅዋት ተመራማሪው ከአውሬው በታች ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሕመሙ ግን ከዓምዱ ጀርባ ቀርቷል።

ያው ፒርስ በ1941 “ዘ ዉልፍ ማን” ላይ የሚፈልገውን ሠራ። ፒርስ ግሪክ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሻገረ፣ ትዕግሥቱ የማያልቅ ባለሙያ ነበር። ለላን ቼኒ ልጅ ከጎማ አፍንጫ ቀረጸለት። ያክ የተባለውን የእስያ ከብት ፀጉር እፍኝ በእፍኝ ፊቱ ላይ በሙጫ እየለጠፈ፣ ከዚያም በጋለ ብረት እየተኮሰ አውሬ አደረገው። ለውጡ የሚቀረጸው እንዲህ ነው፤ ካሜራው ከቦታው ሳይነቃነቅ ትንሽ ይቀርጻል፣ ይቆማል፤ ተዋናዩ ራሱንም ሆነ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ሌላ ፀጉር ይጨመርበታል፣ እንደገና ይቀረጻል። በኋላ አንዱ ሥዕል በሌላው ላይ እየሟሟ እንዲያልፍ ይደረጋል። የሰዓታት ሥራ በሰኮንዶች ያልቃል። ቼኒ እንዳልነቃነቅ ጣቶቼን በጥቃቅን ሚስማር ቸንክረውኝ ነበር እያለ ያወራ ነበር ይባላል፤ ሲያጋንን ይመስለኛል።

በዚህ ፊልም ቼኒ ወደ አውሬ ሲለወጥ ፊቱን አናይም። የምናየው እግሩን ነው፤ ጫማውን አውልቆ ተቀምጦ እግሩ ፀጉር ሲያበቅል። ፊቱን የምናየው መጨረሻ ላይ፣ ሲሞት፣ ከአውሬነት ወደ ሰው ሲመለስ ነው። የገደለው የገዛ አባቱ ነው። ልጁ መሆኑን ሳያውቅ እጀታው ብር በሆነ በትር ቀጥቅጦ ገደለው። አባትየው የሚያየው ያንን ነው። ጸጉሩ ይሳሳል፣ አፍንጫው ይመለሳል፣ ከሥሩ የልጁ ፊት ይወጣል። ታሪኩን የጻፈው ኩርት ሲዮድማክ ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ከጀርመን የተሰደደ አይሁዳዊ ነው። በታሪኩ ውስጥ ተኩላው ቀጥሎ በሚገድለው ሰው መዳፍ ላይ ኮከብ ይታየዋል። በዚያ ዘመን ሰውን በኮከብ ለይቶ ለሞት ማጨት ከየት እንደ መጣ ለመገመት ሩቅ መሄድ አያሻም።

ፒርስን ስቱዲዮው በ1940ዎቹ አጋማሽ አሰናበተው፤ ጎማ በጅምላ እየቀረጹ ቶሎ የሚለጥፉ መጡ። በ1961 እንግሊዞች “ዘ ከርስ ኦፍ ዘ ወርዉልፍ”ን በቀለም ሠሩ። ከዚያ የማይረሳኝ ገና በመክፈቻው፣ ስሞች ሲያልፉ፣ የአውሬው ዓይን እንባ ማቅረሩ ነው። የቀረውን ባልፈው ይሻላል።

ትልቁ ዓመት 1981 ነው። በወራት ልዩነት ሁለት ፊልሞች ወጡ፤ የሁለቱም ባለሙያዎች መምህርና ተማሪ ናቸው። ሪክ ቤከር የጆ ዳንቴን “ዘ ሀውሊንግ” ለመሥራት ተስማምቶ ሳለ፣ ጆን ላንዲስ ከዓመታት በፊት ቃል ያስገባው ፊልም ገንዘብ አገኘ። ቤከር ወደ ላንዲስ ሄደና ዳንቴን ለተማሪው ለሮብ ቦቲን ተወለት። ቦቲን ያን ጊዜ ሃያዎቹን ገና የጀመረ ልጅ ነበር።

ቦቲን በተዋናዩ በሮበርት ፒካርዶ ፊት ላይ ከለጠፈው ስስ ጎማ ሥር ትንንሽ ፊኛዎች ደበቀ። ከካሜራው ውጭ ያሉ ሰዎች በቱቦ አየር ሲነፉባቸው ቆዳው ይፈላል፣ ጉንጩ ያብጣል፣ ግንባሩ ይንቀሳቀሳል። ሰውየው ግን አይጮህም። ወዶ፣ ተደስቶ፣ እዩኝ ብሎ ነው የሚለወጠው። ሴትዮዋም መሸሽ ስትችል ፊት ለፊቱ ቆማ እስኪጨርስ ታየዋለች። ብዙዎች በዚህ ይስቃሉ፤ እኔ በበኩሌ እሷ እኛ ነን እላለሁ፤ ማንኛችን ነን ዓይናችንን የነቀልን? በመጨረሻው ደግሞ እሷ ራሷ በቴሌቪዥን የቀጥታ ስርጭት ላይ ትለወጣለች። ቡና ቤት ተቀምጠው የሚያዩት ሰዎች እውነት ነው አይደለም እያሉ ይከራከራሉ።

የላንዲስ ፊልም ሌላ ነው። ላንዲስ ዓምድም ጨለማም አልፈለገም። መብራቱ በርቶ፣ ሳሎን መሐል፣ ለስለስ ያለ ዘፈን እየተዘፈነ ይሁን አለ። ቤከር የዴቪድ ናውተንን ራስና እጅ አምሳያ ከሚለጠጥ ጎማ ቀረጸ፤ ከውስጥ የሚገፉ መሣሪያዎች አስገባበት። ሲገፉ አጥንቱ ቆዳውን ወጥሮ ወደ ፊት ይወጣል፤ ያ እጅ፣ ያ ከፊት የሚሾልከው አፍና አፍንጫ እንዲህ ነው የተሠራው። ፀጉሩ ሲበቅል የምናየው ደግሞ በግልባጩ ነው፤ ፀጉሩን ከጎማው በታች ጎትተው እያስገቡ ቀረጹና ፊልሙን ወደ ኋላ አዞሩት። ወለሉ ላይ የተጋደመው ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬም ናውተን ራሱ ነው፤ ሰውነቱን ከወለሉ ሥር ባለ ቀዳዳ ደብቆ፣ ከደረቱ በታች ሰው ሠራሽ ገላ ተቀጥሎለት። የወራት ድካም በስክሪን ላይ ከሦስት ደቂቃ በታች ነው።

ልዩነቱ ግን ከመሣሪያው አይደለም። ናውተን ያቃስታል፣ ይለምናል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እጁን ወደ ካሜራው፣ ወደ እኛ ይዘረጋል። እርዱኝ እንደ ማለት። ማንም የለም። ጓደኛዬ ያየው ያንን ነበር፤ እኛ “ቡዳ” እያልን ስንስቅ።

የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ሜካፕን አልፎ አልፎ በልዩ ሽልማት ያስታውሰው ነበር እንጂ ቋሚ ዘርፍ አልነበረውም። ለ1981 ፊልሞች ዘርፉ ሲቋቋም የመጀመሪያውን ኦስካር ቤከር ወሰደ። ማይክል ጃክሰንም ፊልሙን አይቶ ላንዲስንና ቤከርን ጠራቸው፤ በ1983 የወጣው “ትሪለር” የዚያ ውጤት ነው። ጃክሰን እዚያ ድመት መሰል አውሬ ሲሆን ያላየ የእኔ ዘመን ልጅ ጥቂት ነው።

በ1984 “ዘ ካምፓኒ ኦቭ ዉልቭስ” መጣ። እዚያ አንዱ ሰው የፊቱን ቆዳ በገዛ እጁ ይገፈዋል፤ ሌላው ከአፉ የተኩላ አፍ ይወጣል። አውሬው ከላይ የሚበቅል ሳይሆን ከውስጥ ተሸሽጎ የኖረ ነው ማለታቸው ነው። ሐሳቡ ጥልቅ ነው፤ ከአያቶቼ ወሬ ጋርም ከሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው፤ ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም የማልወደው።

ቀጥሎ ኮምፒውተር መጣ። በ1997 “አን አሜሪካን ወርዉልፍ ኢን ፓሪስ” አውሬዎቹን በኮምፒውተር ሠራቸው። ክብደት የላቸውም፤ የሚያማቸውም አይመስልም። በ2010 “ዘ ዉልፍማን” እንደ አዲስ ሲሠራ ቤከር ለጃክ ፒርስ ክብር ያንኑ አሮጌ ፊት በቤኒሲዮ ዴል ቶሮ ላይ በእጁ ለጠፈ፤ ከዴቭ ኤልሲ ጋርም ሰባተኛውን ኦስካር ወሰደ። ሰውየው የሚለወጥበትን ጊዜ ግን አብዛኛውን ለኮምፒውተር ሰጡት። ቤከር በ2015 ሥራ አቆመ፤ የሠራቸውንም ብዙዎቹን በጨረታ ሸጠ። ከስፖንጅ ጎማ የተሠራ ነገር ደግሞ ዕድሜ የለውም፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በእጅ ሲነኩት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል።

ጓደኛዬ ዛሬ የበርና መስኮት ብረት ብየዳ ቤት አለው። ባለፈው ዓመት ፊልሙን በፍላሽ ገልብጬ ወሰድኩለት። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሠራተኞቹ ሲወጡ፣ በሱቁ ቴሌቪዥን አየነው። እጁ የሚረዝምበት ላይ ሲደርስ አቆመው። “ከውስጥ የሚገፋው ምንድን ነው?” አለኝ። ነገርኩት። “ስንት ሰው ሆነው ሠሩት?” አለ። ጥቂት ወጣቶች መሆናቸውን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ወደ ኋላ መልሶ እንደገና አስጀመረው።