ልጅ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ስንቅ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ባዶውን ይመጣል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። እኔም ማስተማር በጀመርሁበት ዘመን፥ አማርኛ የሚቸግረውን ልጅ ምንም እንደማያውቅ እቈጥረው ነበር። ከዚህ ስሕተት የመለሰኝ የአንድ የንባብ መጽሐፍ ታሪክ ነው።

በኢሉባቦር፥ በሁሩሙ አካባቢ፥ ሂካ የተባለ ብላቴና ነበር። ገና ልጅ ሳለ ከእናቱ ተነጥቆ በባርነት ተሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈም ምጽዋ ደረሰ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1870 ነጻ ወጥቶ የስዊድን ሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1872 ሲጠመቅም ኦነሲሞስ ተባለ። ስዊድን አገር ሄዶ አምስት ዓመት ተማረ። በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ሲነሣ ግን፥ ከአገሩ በልጅነቱ ስለ ወጣ፥ የእናቱ ቋንቋ ቃላት አነሱት።

በዚህ ጊዜ የረዳችው አስቴር ጋኖ ናት። እርስዋም በባርነት ወደ ባሕር ማዶ ስትወሰድ በ1886 የጣልያን መርከበኞች ነጻ አውጥተው፥ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ወዳለው የሚስዮን ትምህርት ቤት ያስገቧት ነበረች። ቃላት ሰበሰበች፤ ተረት፥ ምሳሌ፥ እንቆቅልሽና ዘፈን 500 ያህል ጻፈች። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 እምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ገቡ። መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 ታተመ፤ በ1904 ሁለቱም ወደ ወለጋ ሄደው አስተማሩ። እንግዲህ የእሳት ዳር ጨዋታ ለፊደል ቈጣሪዎች ትምህርት ሆነ ማለት ነው።

ይህን ካነበብሁ በኋላ፥ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ከየቤታቸው አንድ ተረት ጠይቀው እንዲመጡ አዘዝሁ። ተረቱን በአማርኛ ሰዓት ጻፉት፤ በሒሳብ ሰዓት የአያትና የልጅ ልጅን ዕድሜ አቀናነሱ፤ በጂኦግራፊ ሰዓት አያቶቻቸው የተወለዱበትን አገር በካርታ ላይ ፈለጉ። አማርኛ ስለሚቸግረው የገሠጽሁት ልጅ፥ ያን ቀን የአባቶቹን ስም እስከ ሰባት ትውልድ ሳይደናቀፍ ቈጠረ። እኔም አፈርሁ።

ወላጆች የሌሏት አንዲት ልጅ ግን «እኔ የማመጣው የለኝም» ብላ አለቀሰች። የአስቴርን ታሪክ ነገርኋት። በማግሥቱ፥ ያሳደገቻት አሮጊት ስታስተኛት የምትለውን እሹሩሩ ይዛ መጣች፤ ክፍሉም ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማት።

የራስን ማወቅ በጎረቤት ላይ ለመኵራት አይደለም። የራሱን ቤት ዋጋ ያወቀ ልጅ የባልንጀራውንም ቤት አይንቅም። ስለዚህ፥ ወጣት ሆይ፥ በቤትህ ሽማግሌ ካለ ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀመጥና ጠይቅ፤ የሰማኸውንም ጻፍ። ሂካና አስቴር ከቤታቸው በግድ ተነጥቀው ሳለ ስንቃቸውን አልጣሉም፤ አንተ በቤትህ ተቀምጠህ ብትጥለው ጥፋቱ ያንተ ነው።