ትሪቡን ላይ ማን ይቀመጣል?

በቅርቡ ከሜልበርን ክሪኬት ግራውንድ ደጃፍ አንድ ፈረንሳዊ በታክሲዬ ጭኜ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ማሞ ወልዴ የሮጠበት ሜዳ ነው። ጨዋታውን ከየት ሆኖ እንዳየ ብጠይቀው «ከትሪቡን» አለኝ። ባለሥልጣን መስሎኝ በመስታወቱ ደግሜ አየሁት። ሰውየው ሳቀና የገዛው ከሁሉ የረከሰውን ቲኬት መሆኑን ነገረኝ።

ለካ ቃሉን ስንዋስ ግማሹን እዚያው ትተነው ኖሯል። ሥሩ ላቲን ነው፤ በጥንቷ ሮማ ሹም ከፍ ብሎ ተቀምጦ የሚፈርድበት መደብ «ትሪቡናል» ይባል ነበር። ፈረንሳዮች ተናጋሪ የሚቆምበትን ሰገነት ትሪቡን ይሉታል። ግን ደግሞ የስታዲየም ተመልካች የሚቀመጥበትን ደረጃ፣ በምክር ቤት ሕዝቡ የሚያዳምጥበትን ሰገነት፣ በጋዜጣም የሐሳብ መስጫውን ዓምድ በዚያው ስም ይጠሩታል።

እኛ ዘንድ የክብር እንግዳ ወንበር ሆኖ ቀረ። አዲስ አበባ ስታዲየም የገባ ያውቀዋል፤ ክቡር ትሪቡን ለሹማምንት፣ ጥላ ፎቅ ገንዘብ ላለው፣ ለሌላው ካታንጋና ሚስማር ተራ። (እኔ ካታንጋን በትሪቡን አልለውጥም፤ የጨዋታው ሙቀት እዚያ ነው።) በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ያን ቀን ላይኛውም ታችኛውም አንድ ላይ ደስ ብሎት ነበር። በ1969 ዓ.ም. ግን ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ አብዮት አደባባይ ላይ ቆመው፣ ደም የመሰለ ቀይ ነገር የተሞሉ ጠርሙሶች ከሕዝቡ ፊት ከሰከሱ። ከታች የቆመው ሰው ማጨብጨብ እንጂ መመለስ አይችልም ነበር።

ከፍታ እንደሚጥም እኔም አውቃለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር ከጥቁር ሰሌዳው ሥር አንድ እርከን ከፍ ያለ ወለል ነበረኝ። ከዚያ ላይ ሆኜ፣ እጁን ያወጣን ተማሪ ስንቴ እንዳላየሁ ሆኜ አልፌዋለሁ!

እዚህም አዳራሽ ስንከራይ መጀመሪያ የምናስተካክለው የመድረኩን ወንበር ነው። መድረክ በግእዝ የበር ደፍ ማለት መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ባለፈው ስብሰባ ሰብሳቢዎቹ «ሰዓት አልቋል» ሲሉ አንዲት እናት ከበሩ አጠገብ ብድግ አሉ። ወደ ፊት ይምጡ ቢባሉ «ከዚሁ ይሰማል» ብለው እንቢ አሉ።

«ልጆቼ፣ የዕድሩ ሒሳብ መቼ ነው የሚነበበው?»