የጃንሆይ እንግዶች በአራት ኪሎ

ግንቦት 17 የአፍሪካ ቀን ነው። ይህ ሰሞን በመጣ ቁጥር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የ1955ቱ ጉባኤ ይነሳል፤ አፍሪካ አዳራሽ፣ የጋናው ንክሩማ፣ ዲፕሎማታችን ከተማ ይፍሩ የካዛብላንካንና የሞንሮቪያን ቡድኖች ለማቀራረብ የወጡት የወረዱት ሁሉ ይወራል። የታወቀ ታሪክ ነውና አልደግመውም። እኔ የማነሳው ከመሪዎቹ አራት ዓመት ያህል ቀድመው አዲስ አበባ የገቡትን ነው። ለእነሱ ቀይ ምንጣፍ አልተነጠፈም። ሻንጣቸውንና የትምህርት ማስረጃቸውን ይዘው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ወጪ ሊማሩ የመጡ ወጣቶች ነበሩ።

በ1950 ዓ.ም. ነጻ የአፍሪካ አገሮች አክራ ላይ ተሰበሰቡ። በዚያው ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጡ። እንግዶቹን የተቀበለው በካናዳዊው ጀስዊት በሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአራት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች መጡ።

ኮሌጁ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነበር። ይህ ራሱ ያስገርማል። ከጣሊያን ወረራ በፊት በዳግማዊ ምኒልክና በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤቶች የገነነው ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ወዲህ እንግሊዝኛ ቦታውን ሲወስድ፣ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ የተጠሩት ደግሞ አፋቸውን በፈረንሳይኛ የፈቱ የኩቤክ ካህናት ሆኑ። ከዊንጌት፣ ከኮተቤ ወይም ከተፈሪ መኮንን ጨርሶ የሚመጣው ያገራችን ልጅ እንግሊዝኛውን የተማረው ከህንዱም ከእንግሊዙም ከካናዳውም ነው። ሰዋስው ያውቃል፣ ያነባል፣ ይጽፋል። ቆሞ መሟገት ግን ሌላ ነገር ነው። ትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብሎ ያደገ ልጅ፣ በሰው ቋንቋ ድንገት ደፋር አይሆንም።

ከኬንያ የመጣው እኩያው የሚስዮንና የቅኝ ገዥ ትምህርት ቤት አልፎ፣ ለካምብሪጅ ፈተና ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። አገሩ በማውማው አመፅ ሰበብ በታወጀ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ናት። ፖለቲካ ለእሱ የቁርስ ወሬ ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ከልጅነቱ የሰማትን፣ ነጭ ያልገዛትን ኢትዮጵያ አገኛለሁ ብሎ ነው። ያየው ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተኮለኮለ ለማኝና በባለሥልጣን ፊት አንገቱን የሚደፋ ተማሪ ነው። እኛም በበኩላችን «አልተገዛንም» በሚል ኩራት ደረታችንን ነፍተን ስንጠብቅ፣ የተገዛው ልጅ በክርክር አስከነዳን። የሁለቱም ወገን መደንገጥ እውነት ነበር።

ከእነዚህ እንግዶች መካከል በታሪክ መጻሕፍት ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው ኬንያዊው ኦሞጎ ካሎ ነው። ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን ስለ ዝምታቸው ፊት ለፊት የሚወቅስ ኃይለኛ ተናጋሪ እንደነበር ይነገራል። ጭቅጭቁም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያን የተማሪዎች ንቅናቄ ማን አነቃው? አንደኛው ወገን ተማሪው አንቀላፍቶ ነበር፤ የቀሰቀሱት እነ ኦሞጎ ናቸው ይላል። ስለ ንቅናቄው ሰፊ ጥናት የጻፈችው ኖርዌያዊቷ ራንዲ ባልስቪክም ለእነዚህ ተማሪዎች ተገቢውን ቦታ ሰጥታለች።

ሌላው ወገን እሳቱ የቤት ውስጥ ነው ይላል። እኔም ወደዚህኛው አደላለሁ። «ልጆቻችን ደጎች ነበሩ፣ ባዕድ አበላሸብን» የሚለው ትርክት ለቤተ መንግሥት ሰው እጅግ የሚመች ነው፤ ምቾቱ ራሱ ያጠራጥረኛል። ገርማሜ ንዋይን አስቡት። ከአሜሪካ ተምሮ የተመለሰው በ1946 ዓ.ም. ገደማ ነው። ወላይታ ላይ አስተዳዳሪ ሆኖ መሬት ለሌላቸው መሬት ሲያድል አንድም የስኮላርሺፕ ተማሪ አጠገቡ አልነበረም። በታኅሣሥ 1953 ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ጋር ለመፈንቅለ መንግሥት ሲነሳና የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ሲወጡ፣ ቁጣው የቆየ ነበር።

ከዚያ ወራት በኋላ የሆነው ይበልጥ ያሳምነኛል። በኮሌጁ ቀን በዓል ታምሩ ፈይሳ «ድኃው ይናገራል» የተባለ ግጥሙን አነበበ፤ ከተማው ሁሉ ተነጋገረበት። ግጥሙ በአማርኛ ነው። ኬንያዊ አልጻፈለትም፣ ኬንያዊ ሊሰማለትም አይችልም ነበር። እንግዶቹ ያመጡት ነገር ቢኖር መምህርንም ሹምንም ፊት ለፊት መጠየቅ የሚቻል መሆኑን በተግባር ማሳየታቸው ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን ሌላ ነገር ነው።

ደግሞስ ሁሉም አመፀኛ መች ሆነ? ከመካከላቸው አንዱ ሮበርት ኡኮ ነው። በ1954 ዓ.ም. ዲግሪውን ይዞ አገሩ ገባ፤ በመንግሥት ሥራ አድጎ የኬንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነና በ1982 ዓ.ም. ተገደለ።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ። ብዙም ሳይቆይ የተማሪዎች አዳሪነት ቀረ፤ በመኝታ ቤቶቹ ማታ ማታ ይደረግ የነበረው ክርክርም አብሮ ተበተነ። በ1955 መጀመሪያ ላይ ከ270 በላይ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች መጡ፤ አብዛኞቹ በየክፍለ ሀገሩ መምህር ሆነው ተመደቡና ለዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው ልጅ እንግሊዝኛውን ከእነሱ አፍ ይሰማ ጀመር።

ዛሬ ይህ የእንግሊዝኛ ዝግጅት ወደ ኪስ ወርዷል። እኛ ሰፈር ጎፋ፣ ከመብራት ኃይል እስከ ገብርኤል ያሉት የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች «አይልትስ፣ ቶፍል፣ በአጭር ጊዜ» በሚሉ ወረቀቶች ተሸፍነዋል፤ ከሥር ስልክ ቁጥሩ ለመቅደድ እንዲመች በመቀስ ተቆራርጧል። የሚቀደደው የካናዳ ፎርም ለመሙላት ነው፤ እነ ማት ከመጡበት አገር። እዚሁ ለሚቀረውም በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽ ነጥብ ያገኘው 3.3 በመቶ ብቻ ሆኖ ሲገኝ መንግሥት የማካካሻ (ሬሜዲያል) ትምህርት ጀመረለት፤ ከትምህርቶቹ አንዱ እንግሊዝኛ ነው። የጃንሆይ ስኮላርሺፕም በሌላ መልክ ቀጥሏል፤ የደቡብ ሱዳንና የሶማሊያ ልጆች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይማራሉ። ማታ ማታ በዶርም ከእኛ ልጆች ጋር በምን እንደሚሟገቱ፣ በየትኛውስ ቋንቋ እንደሚሟገቱ የሚያስነብብ የተማሪዎች ጋዜጣ ግን እስካሁን እጄ አልገባም።