የፓንቻያት ተመራጮች ሥልጠና

በሕንድ ለገጠር የአካባቢ ምክር ቤቶች (ፓንቻያት) አዲስ ለተመረጡ አባላትና ሰብሳቢዎች የሚሰጥ የአስተዳደር ትምህርት። መነሻው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 24 ቀን 1993 ጀምሮ የጸናው 73ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ ምርጫ በየአምስት ዓመቱ እንዲካሄድ፣ ከመቀመጫዎቹም ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ለሴቶች እንዲጠበቅ ደነገገ። በዚህም ስብሰባ መርተው፣ የበጀት መዝገብ ገልጠው የማያውቁ እጅግ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ወንበር ያዙ።

በኬረላ ግዛት ሥራውን የሚመራው በ1990 በትሪሹር አቅራቢያ የተቋቋመው የአካባቢ አስተዳደር ተቋም ነው። በ1996 በተጀመረው የሕዝብ ዕቅድ ዘመቻ ግዛቱ ከልማት በጀቱ ከ35 እስከ 40 በመቶውን ለአካባቢ ምክር ቤቶች ለመልቀቅ ሲወስን፣ ተመራጮች፣ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች በጅምላ ሠለጠኑ። የዕቅድ አወጣጥ፣ የሒሳብ አያያዝና የመንደር ጉባኤ አመራር ዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች ናቸው።

ከባዱ ነገር ግን ከመማሪያው መጽሐፍ ውጭ ነው። በብዙ ቦታ የተመረጠችው ሚስት ሆና ሳለ ሥልጣኑን የሚሠራበት ባል ነው፤ ወደ ሥልጠናው አዳራሽም አብሯት ይመጣል። ለሴቶች ብቻ የሚሰጡ ኮርሶች የተዘጋጁት አንድም ለዚህ ሲሆን፣ ጥቂት ቀናት የሚቆይ ኮርስ ግን ቤት ውስጥ የሰነበተን ሥልጣን ብቻውን አይነቀንቅም።