ከአራዳ እስከ ሐይቅ በእግር

እንግዲህ ስሙኝማ። ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነስተን በደብረ ብርሃን፣ በደሴ አድርገን ሐይቅ ልንገባ ነው። ወደ 430 ኪሎ ሜትር፣ ያውም በእግር! የምንራመደው ግን እያንዳንዳችን ባለንበት አገር ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዷ ፍራንክፈርት፣ አንዷ ቴል አቪቭ፣ አንዱ ዱባይ። ስልካችን የቆጠረውን ማታ ማታ ቴሌግራም ላይ እንጽፋለን፤ የተራመድነውን ያህል በወሎ መንገድ ካርታ ላይ ወደፊት እንገፋለን። አብዛኞቻችን በዓይን አንተዋወቅም፤ ያ መንገድ ግን የሁላችንም ነው።

ሒሳቡ አላስቸገረንም። 10,000 እርምጃ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየቀኑ ያን የሚሄድ ሰው በሁለት ወር ሐይቅ ይደርሳል። የሁላችን እርምጃ ይደመር ያሉም ነበሩ። እኔ አጥብቄ ተቃወምኩ። ከተደመረማ ሸዋሮቢትን እንደ ድሮው በአውቶቡስ መስኮት አይተን ልናልፋት ነው። እያንዳንዱ በራሱ እግር ይድረስ፤ የቀደመ የኋለኛውን ከተማ ላይ ይጠብቅ። በዚህ ተስማማን።

ዋናው ክርክር የመጣው ከዳገቱ ነው። ቴል አቪቭ ያለችው እህታችን ጣርማ በር ስንደርስ ሁላችንም ደረጃ እንውጣ አለች። ይህን ጊዜ በዚያ መስመር ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ የነዱት ጋሼ የድምፅ መልእክት ላኩ። «ልጄ፣ ጣርማ በር ከደሴ ለሚመጣ ነው ዳገቱ። ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ቁልቁለት ነው። እናንተን የሚያደክማችሁ ሐረጎ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር ደጋው ቀስ እያለ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጣሊያን ባስቆፈረው ዋሻ ከተሻገሩ በኋላ ግን ደብረ ሲናን ይዞ እስከ ሸዋሮቢት ቆላ ድረስ መውረድ ብቻ ነው። የሐረጎ ዳገት ያለው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ደረጃው ለሐረጎ ተቀጠረ። ዱባይ ያለው ወንድማችን ደስ አለው፤ ውጭው በሙቀት ስለማያስኬድ ከሚኖርበት ረጅም ሕንፃ ይልቅ ለሐረጎ የሚመች የለም።

ሰንበቴን እሑድ እንድንደርስባት አድርገን አሰላን፤ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ገበያዋ እሑድ ነውና። የባቲ ሰኞ ገበያ ግን ቀረ። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ መገንጠል አለበት፣ ደርሶ መልሱም ብዙ ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለ ኮምቦልቻ የጻፈልን የከተማዋ ልጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻና ደሴ ሲገባ ቤተሰቦቹ እዚያው ነበሩ። «ኮምቦልቻ ላይ አንድ ቀን እንረፍ፤ የዚያን ዕለት ኪሎ ሜትር አይቆጠር፣ ሁሉም ቤተሰቡ ጋ ይደውል» አለ። ማንም አልተከራከረም። ከዕቅዱ ሁሉ እኔ የምወደው ይህችን ቀን ነው። አገር ቤት መንገድ በሰላም ወጥቶ መግባት ብርቅ በሆነበት ዘመን፣ የሩቅ ሰው መንገዱን ሲያስብ በዳር ያሉትን ሰዎች ካላሰበ ምኑን ተጓዘው?

የቀረው መጨረሻው ነበር። እኔ ሐይቅ እስጢፋኖስ ደጃፍ ብዬ ነበር፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት፣ ስንት ሊቅ የወጣበት ገዳም ነውና። የፍራንክፈርቷ እህታችን ግን «ገዳሙ ሴት አያስገባም። እናንተ ገብታችሁ እኛ ውጭ ልንቀር ነው?» አለች። ልክ ናት። መጨረሻው ሁላችንም እኩል የምንቆምበት ይሁን ተባለና ከውኃው ዳር አደረግነው። ጋሼ ደግሞ ከዚያ ውጫሌ ቅርብ ነው እያሉ ነው፤ እሱን ደሴ ስንደርስ እንነጋገርበታለን። መነሻችን የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ በየአገራችን ሰዓት።