እንጀራችን እውነት የጤፍ ነው? የስደት ምጣድ አጭር ታሪክ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አበው። የእኛና የጤፍ ነገርም እንዲሁ ነው።

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ሲያትል ከአንድ በላይ ግብዣ ላይ ያየሁትን ላውጋችሁ። አንድ አሜሪካዊ እንግዳ ወደ ማዕዱ ይቀርብና «ሴሊያክ የሚባል በሽታ አለብኝ፤ ስንዴ አለበት ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የቤቱ እመቤት በኩራት «ኧረ የለበትም፤ ጤፍ ነው» ትላለች። እኛም ራሳችንን እየነቀነቅን እናጸድቃለን። እንጀራው ግን ከሱቅ የተገዛ ነው። ምን ምን እንደገባበት ከመካከላችን የጠየቀ የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ መልስ ለምን ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ ከታሪካችን ተነስቶ ማሳየት ነው።

ሴሊያክ ቀልድ አይደለም። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። በሽታው ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ያጠቃል። ምግብ አልስማማ ይላል፣ ደም ያንሳል፣ ሕፃን ከሆነ እድገቱ ይጓተታል። በዓለም ላይ ከ100 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። ሕክምናው ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ብቻ ነው። «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ ቅመስ» የሚለው የእኛ ፍቅር እዚህ ላይ አይሠራም።

ስንዴ የዚህ በሽታ መንስኤ መሆኑን ለዓለም ያስረዳው ቪለም ካሬል ዲኬ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1944 እና 1945 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሆላንድ በረሃብ ተመታች፤ ዳቦ ጠፋ። ዲኬ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበርና የዚያ ዘመን ገጠመኝ ጥርጣሬውን አጠናከረለት። በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉን በዚሁ ጉዳይ ላይ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ስንዴን የሚተካ እህል ፍለጋ ተጀመረ።

ፍለጋው ወደ እኛም መጣ። በ2005 የሌይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በሽታውን የሚቀሰቅሰው ነገር በመረመሯቸው የጤፍ ዝርያዎች ውስጥ እንደሌለ በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። በዚያው ዓመት አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር ጥቅም ለመጋራት ተፈራረመ። በ2007 ደግሞ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ስምምነቱም ለኢትዮጵያ ይህ ነው የሚባል ጥቅም ሳያስገኝ ቀረ። የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በሆላንድ ውስጥ ውድቅ ያደረገው በኖቬምበር 2018 ነው። ሁላችንም «ጤፋችን ተሰረቀ» ብለን ጮኸናል። ጩኸታችንም ተገቢ ነበር።

ነገር ግን ዓለም ስንዴ ስለሌለበት ጤፍን ሲፈልግ፣ እኛ በስደት ምጣዳችን ላይ ምን እያደረግን ነበር? ስንዴ እየጨመርንበት ነበር!

ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። በ1980ዎቹ በስደት የመጡት እናቶቻችን ጤፍ በቀላሉ አያገኙም ነበር። ከሱፐርማርኬት ያገኙት ራሱ የሚነፋ የተባለውን የስንዴ ዱቄት ነው። እሱን ከገብስ፣ ከበቆሎ ወይም ከሩዝ ዱቄት ጋር አቡክተው ልጆቻቸውን አሳደጉበት። አገር ቤትም ቢሆን እንጀራ የጤፍ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የገብስ፣ የማሽላና የቅይጥ እንጀራ የቆየ ነው። በኋላ ዌይን ካርልሰን የሚባል፣ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራ አሜሪካዊ፣ በጎረቤታችን በአይዳሆ ጤፍ ማምረት ጀመረ። የመጀመሪያ ገበያውም እኛው ነበርን። ጤፉ ተገኘ፤ ዋጋው ግን ከስንዴ ጋር የሚወዳደር አልሆነም፤ ሊጡም በሲያትል ብርድ ቶሎ ኩፍ አይልም። ስለዚህ የችግር ጊዜው ቅይጥ የንግድ እንጀራ ሆኖ ቀረ። ስሙ ግን «ጤፍ» እንደሆነ ቀጠለ። ማብካቱ ግሉተኑን ያጠፋዋል የሚሉም አሉ፤ እንደዚያ ብሎ ማመን ስህተት ነው።

ታዲያ በቤቷ ለሴሊያክ ታማሚ የምትጋግር እናት ምን ታድርግ? የአያቶቿን ዘዴ ትያዝ። ስንዴ የሚነፋው ግሉተን እንደ ጎማ ተለጥጦ አየሩን ስለሚይዝለት ነው። ጤፍ ይህ የለውም። ያንን ሥራ የሚሠራለት አብሲት ነው፤ ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ በፈላ ውሃ ተገንፍቶ፣ ለብ ሲል ወደ ሊጡ ሲመለስ ሊጡን ያያይዘዋል፤ ዓይኑም ያወጣል። ያለ አንዳች የስንዴ ዱቄት!

ትልቁ ጥንቃቄ እርሾው ላይ ነው። ከጎረቤት የመጣው እርሾ ከቅይጥ ሊጥ የተቀዳ ከሆነ ስንዴውን ይዞ ይገባል። ስለዚህ እርሾውን ከጤፍና ከውሃ ብቻ፣ ጥቂት ቀናት ታግሶ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ቡሃቃው፣ ምጣዱ፣ ማሰሻውና ሰፌዱም ስንዴ ያልነካቸው ይሁኑ። ዱቄቱም ከስንዴ ጋር በአንድ ወፍጮ ተፈጭቶ ሊሆን ስለሚችል ከግሉተን ነፃ የሚል ጽሑፍ ያለበትን መግዛት ይበጃል። በ2013 የወጣው የአሜሪካ መንግሥት ደንብ ይህን ቃል የሚፈቅደው በሚሊዮን ከ20 እጅ በታች ግሉተን ላለው ምግብ ብቻ ነው።

ለነጋዴዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በ2004 የወጣው የአሜሪካ የአለርጂ ሕግ በታሸገ ምግብ ላይ ስንዴ መኖሩ በግልጽ እንዲጻፍ ያዝዛል። ገብስ ግን በዚያ የአለርጂ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ «ስንዴ የለውም» ማለት «ግሉተን የለውም» ማለት አይደለም። መቀየጥ ነውር አይደለም፤ መደበቅ ግን ነውር ነው። ከረጢቱ ላይ የገባውን ሁሉ ጻፉ፤ የተጠየቀ አስተናጋጅም እርግጠኛ ካልሆነ «አላውቅም» ይበል።

ባዕድ ጤፋችንን በወረቀት ወሰደብን ብለን ስንቆጣ፣ እኛው በገዛ ማዕዳችን ላይ ስሙን ለስንዴ መስጠታችን አያምርብንም። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ የሚጎርሰው እንግዳ ግን ያመነን እጃችንን ብቻ ሳይሆን ቃላችንንም ነው።

ቸር ይግጠመን።